ጀማ ወንዝ ለዓሣ በመኪና ስትወርዱ

ወደ መርሐቤቴ በሚወስደው መንገድ ጀማ ወርዳችሁ መንጠቆ የምትጥሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ መኪናችሁን አሸዋው ላይ አታቁሙ። ውሃው አፍ ድረስ ነድቶ በመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ማለት ደስ ይላል፤ አውቃለሁ። ግን ጀማ ውሃውን የሚያመጣው ከደጋው ነው። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ እንኳ የሚገባው እዚሁ ነው። እናንተ ቆላው ላይ በፀሐይ ስትቃጠሉ ላይኛው አገር ዶፍ ሊጥል ይችላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ጭራሮና ቅጠል ይዞ ከመጣ፣ ዓሣውን ተዉትና ውጡ። (አምባዛ በድፍርስ ውሃ ጥሩ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ አትፈተኑ።)

የት ላቁም ካላችሁ፣ ያለፈው ጎርፍ ቁጥቋጦ ላይ ጥሎት የሄደውን ጭራሮ ፈልጉ። ከእሱ በላይ፣ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ።

አሸዋ ማለፍ ግድ ከሆነ መጀመሪያ በእግር ሂዱበት። ከዚያ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ቀንሱ፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ስለሚረግጥ ቶሎ አይሰምጥም። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሳችሁ ንፉት፤ ስለዚህ ፓምፕ ሳትይዙ አትውረዱ። መረሬ (ጥቁሩ፣ የሚያጣብቀው) አፈር ዝናብ ከነካው ግን ፎር ዊልም አያድናችሁም።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑ እንዳይግል። የሰው ማሳ ደግሞ መንገድ አይደለም፤ ባለቤቱን ጠይቁ።