የቡና ቅጠል አረንጓዴ ብቻ አይደለም

በዘይት ቀለም ለምሥለው ሥዕል ሸራ አልገዛም። 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ነጭ አክሪሊክ ሁለት ጊዜ እቀባዋለሁ፤ እንጨቱ ዘይቱን እንዳይመጠው ነው። ከዚያ ባለሦስት እግር በርጩማዬን ይዤ ጅማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ ዳር እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ጨለማውንና ብርሃኑን ብቻ ይለዩ። ያንን በተርፐንታይን በቀጠነ ቡናማ ቀለም ቶሎ ያስፍሩት። የተልባ ዘይት የሚጨመረው በላይኛው ድርብ ላይ ነው፤ ቅባቱ ከሥር ከበዛ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ተልባው ሲያልቅብኝ የሚረጋ የምግብ ዘይት ቀላቀልሁ፤ ሥዕሉ ለወራት እጅ ላይ ሲጣበቅ ኖረ!

አረንጓዴ ቀለም ከቱቦው አውጥቶ እንዳለ መለቅለቅ የጅማን ክረምት ፕላስቲክ ያስመስለዋል። ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅለው ትንሽ ቀይ ጠብ ያድርጉበት። የቡና ቅጠልን ደግሞ ቀረብ ብለው ይዩት፦ ፊቱ ስለሚያብረቀርቅ ሰማዩን መልሶ ያሳያል፤ ስለዚህ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ቢጫ ሳይሆን ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ነው። በብሩሽ ጫፍ አንዴ ነክተው ይተዉት፤ ከደጋገሙት ይጨቀያል።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ውጭ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ።