ባሕር ማዶ ካለ ሠራተኛ ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ማዶ ያለች የመጀመሪያ ሠራተኛዬን ለመቅጠር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እሷን ለማጣት ደግሞ አራት ወር። ስትለቅ "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" የሚል ሁለት መስመር ጽፋልኝ ሄደች። ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ማታ የተላላክነውን መልእክት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ።

ትልቅ ድርጅት ሕጉን የሚያይ፣ ደመወዙን የሚልክ፣ አዲስ ሰው የሚያለማምድ ክፍል አለው። ትንሽ ንግድ ላይ ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰው ነው። እሱም ጊዜ የለውም። ከታች ያሉት ስህተቶች ከዚያ ጥድፊያ የመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

"እሺ" ሲባሉ ገባው ብሎ ማመን

ይህ ከሁሉም ይከፋል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

አንድ ቀን "የደንበኞቹን ዝርዝር አስተካክዪልኝ" ብዬ ጻፍኩላት። "እሺ" አለች። በሦስተኛው ቀን ላከችልኝ። ከሺህ በላይ ስም በፊደል ተራ ተሰድሯል፣ ርዕሶቹ ደምቀዋል፣ ሁሉም ነገር ልቅም ብሏል። እኔ የፈለግኩት ግን ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን አንድ እንድታደርግልኝ ነበር። እሱን አልነካችውም። ማን ነግሯት!

እዚያው ቢሮ ብትሆን ኖሮ ወንበሯን ዞር አድርጋ "ምኑን ነው የማስተካክለው?" ትለኝ ነበር። በመካከላችን የስምንት ሰዓት ልዩነት ሲኖር ግን አንዲት ጥያቄ አንድ ቀን ትበላለች። እሷ ስትጠይቅ እኔ ተኝቻለሁ፣ እኔ ስመልስ እሷ ተኝታለች። ስለዚህ ሰው መጠየቁን ትቶ መገመት ይጀምራል። አዲስ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ መጠየቅ አለማወቅ ይመስለዋል።

አሁን ቢሆን ያንኑ ሥራ እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦ "ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን ደንበኞች አንድ አድርጊ። ስሙ ቢለያይም ኢሜይሉ አንድ ከሆነ አንድ ሰው ነው ብለሽ ወስኚ፣ እኔን አትጠብቂ። ስልክ የሌላቸውን አትሰርዢ፣ ቢጫ ቀቢያቸው። መጀመሪያ 20 ብቻ ሠርተሽ አሳዪኝ።" ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሦስት ቀን ያተርፋል። በተለይ "እኔን አትጠብቂ" የምትለዋን አይርሱ፤ ሠራተኛው በራሱ የሚወስነውንና የማይነካውን ለይቶ ካላወቀ ወይ ቆሞ ይጠብቃል ወይ ያበላሻል።

ሌላው ነገር፣ "ገባሽ?" ብለው አይጠይቁ። "አልገባኝም" የሚል ሰው አላየሁም። ይልቅ "እንዴት እንደምትጀምሪው በሁለት መስመር ጻፊልኝ" ይበሉ። ካልገባት እዚያው ላይ ይታያል።

የሰዓት ልዩነቱን በጣት መቁጠር

የሰዓት ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካኖች በየዓመቱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉት በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ ነው፣ አውሮፓውያን ደግሞ በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ (ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር)። ስለዚህ በመካከል ያለው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። በመኸር ሲመልሱትም አይገጥሙም፤ አውሮፓ በጥቅምት መጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ (ይህም በፈረንጆች)። ሕንድና ፊሊፒንስ ጭራሽ አይነኩትም። ልዩነቱም ሁልጊዜ በሙሉ ሰዓት አያልቅም፤ ሕንድ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ኔፓል ላይ 45 ደቂቃ የምትባል ትርፍ አለች። ይህን በጭንቅላት ከመያዝ ስብሰባውን ጉግል ካላንደር ላይ መመዝገብ ይሻላል፤ እሱ ለሁለቱም በየሰዓታቸው ያሳያል።

የዕረፍት ቀንም እንደዚሁ ነው። ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም እንዲሁ ነበረች፤ በፈረንጆች 2022 ወደ ቅዳሜና እሑድ ዞረች። በመጀመሪያው ቀን የሠራተኛውን የበዓል ዝርዝር ይጠይቁና እዚያው ካላንደር ላይ ያስገቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁልጊዜ በውድቅት የሚነሳው እሱ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን መነሳቱን ይተዋል። ስብሰባው በእርስዎ እንቅልፍም ላይ ተራ ይግባ።

"ፍሪላንሰር" ብሎ ጽፎ መገላገል

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሞኛል። ውሉ ላይ "ፍሪላንሰር" (ሳይቀጠር በራሱ የሚሠራ ባለሙያ) ተብሎ ስለተጻፈ ሰውዬው ፍሪላንሰር አይሆንም። የብዙ አገር ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን ኑሮውን ነው። ሰዓቱን ማን ይወስናል? ኮምፒውተሩን ማን ገዛው? ለሌላ ሰው መሥራት ይችላል? መልሱ ሁሉ ወደ እርስዎ ካመለከተ ሠራተኛዎ ነው። ያን ጊዜ ያልተከፈለ ግብር፣ ጡረታና የዓመት ፈቃድ ተደምሮ ይመጣል።

የሚሠራውም በአብዛኛው ሠራተኛው የተቀመጠበት አገር ሕግ ነው። ፊሊፒንስን ይውሰዱ። እዚያ 13ኛ ወር ደመወዝ ከ1975 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 24 ድረስ መከፈል አለበት (ዓመቱም ቀኑም በፈረንጆች ነው)። "በዓሉን አስመልክቶ የሚሰጥ ጉርሻ" መስሎት የተወው ቀጣሪ ሕግ ጥሷል።

ጣጣውን በሌላ ሰው ማሠራት ይቻላል። ዲል እና ሪሞትን የመሳሰሉ ድርጅቶች ሠራተኛውን በአገሩ ሕግ በራሳቸው ስም ይቀጥሩልዎታል፣ ሥራውን የሚያዙት እርስዎ ነዎት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየወሩ ያስከፍላሉ። ርካሽ አይደሉም፤ ለአንድ ቋሚ ሰው ግን እኔ እከፍላለሁ።

ሰውዬው በእውነት ፍሪላንሰር ከሆነም አንድ አንቀጽ አይዝለሉ፦ የሠራው ሥራ የማን ነው? በአሜሪካም በእንግሊዝም ሕግ ፍሪላንሰር የሠራው ሎጎ ወይም ኮድ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር ባብዛኛው የራሱ ሆኖ ይቀራል። ገንዘቡን ከፍለዋል፣ ንብረቱ ግን የእርስዎ አይደለም።

የላኩት ሁሉ ይደርሳል ማለት

ለሁለት ወር ደመወዟ ተሸርፎ ሲደርሳት አላወቅኩም። እሷም አልነገረችኝም፣ አፍራ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በስዊፍት (ባንኮች ከአገር ወደ አገር ገንዘብ በሚላላኩበት መረብ) የሚላክ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በመካከል በሌላ ባንክ ያልፋል። ያ ባንክ ድርሻውን ይቆርጣል። ሲልኩ የሚሞሉት ቅጽ ላይ የአገልግሎቱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ ቦታ አለ፦ ሙሉውን ላኪው፣ ለሁለት ተካፍለው፣ ወይም ሙሉውን ተቀባዩ። እኔ ሳላየው አልፌው ነበር።

አሁን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ "እጅሽ ላይ ስንት ገባ? በስንተኛው ቀን?" ዋይዝ ይሁን ፔዮኒር ይሁን ባንክ፣ የማነጻጽረው በዚህ ነው። ውሉም ላይ የሚጻፈው የሚላክበት ቀን ሳይሆን የሚደርስበት ቀን ይሁን። በየትኛው አገር ገንዘብ እንደተስማማችሁም ይጻፍ፤ አለዚያ ምንዛሪው በወረደ ቁጥር ኩርፊያ አለ።

ዋናውን ፓስወርድ ማካፈል

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የሱቁን ዋና አካውንት ፓስወርድ በቻት ላኩላት። እሷ ከአገሯ ስትገባ ሲስተሙ ጠረጠረና ዘጋው። የማረጋገጫ ቁጥሩ የመጣው የእኔ ስልክ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ጠዋት ስነሳ 14 መልእክት፣ ስድስት ያልተመለሰላቸው ደንበኞች። እሷ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አድራለች።

ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ይክፈቱለት፣ ለሥራው የሚበቃውን ፈቃድ ብቻ ይስጡት። የማረጋገጫ ቁጥሩ በራሱ ስልክ ይምጣ። የግድ መጋራት ያለበት ፓስወርድ ካለ እንደ ቢትዋርደን ያለ የፓስወርድ ማስቀመጫ ይጠቀሙ። ሲለቅ አካውንቱን ይዘጋሉ፣ የተጋራውን ፓስወርድ ይቀይራሉ።

ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት

በየ10 ደቂቃው የሠራተኛውን ስክሪን ፎቶ የሚያነሱ ሶፍትዌሮች አሉ። ለሁለት ሳምንት ሞክሬዋለሁ። ያተረፍኩት የፎቶ ክምር ነው፤ ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? ሥራ ላይ ያሉ ለመምሰል ማውስን በራሱ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ እንደሚሸጥም ያኔ ነው የሰማሁት። ሠራተኛው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከፈረንጆች 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የግል መረጃ ሕግ በድብቅ መከታተልን በቀላሉ አያልፍም። ዓርብ ዓርብ "ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ ምን ያዘሽ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሥራ ሲበላሽ ብቻ መጻፍ

ያን ማታ መልእክቶቹን ሳነብ የቆጠርኩት ነገር አለ። በአራት ወር ውስጥ የጻፍኩላት ሁሉ ወይ ትእዛዝ ነው ወይ "ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?" ነው። አንድ "ጎበዝ" የለም። ሥራዋ ደህና ሲሆን ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል ደስ ብሎኛል ማለት ነው፤ እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ፊቴን አታይ። በሰው አገር ሰዓት ብቻውን የሚሠራ ሰው ዝምታውን በክፉ ነው የሚተረጉመው።

አሁን ከሌላ ልጅ ጋር እሠራለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ "የላኩልኝ መመሪያ ላይ 3ኛው መስመር ገንዘብ ይመለስልኝ ለሚሉ ደንበኞች መልስ አትስጥ ይላል። 7ኛው ደግሞ ለሁሉም በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ይላል። የትኛውን ልያዝ?" ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ነው። "ጎበዝ፣ 7ኛውን ያዝ" ብዬ መለስኩለትና 3ኛውን ሰረዝኩት።