ቶፉው ለምን አልጣፈጠም? በጃፓን የቤት ምግብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶፉ፣ ማለትም የረጋ የአኩሪ አተር ወተት፣ ሠርቶ የተከፋ ሰው የሚያነሳው ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጣዕም የለውም። ከዚያ በርበሬ ይበዛበታል፣ ሶያ ሶስ ይደፋበታል፣ መጨረሻ ላይም መጥበሻው ውስጥ ፈራርሶ ይቀራል። ጃፓን ውስጥ ግን ቶፉ ጠዋት ሾርባ ውስጥ የሚገባ፣ በሙቀት ወቅት ከፍሪጅ ወጥቶ እንዳለ የሚበላ፣ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ከነድስቱ ገበታ ላይ የሚቀርብ የዘወትር ምግብ ነው። የሥጋ ምትክ ነው የሚለው ሐሳብ ራሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስለኛል፤ ኒኩዶፉ በሚባለው የጃፓኖች የቤት ወጥ ቶፉና ሥጋ አብረው ነው የሚሠሩት። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ውሃውን ከመርሳት ነው። ከ100 ግራም የጃፓን ቶፉ ውስጥ 85 ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ምግብ ሠሪው መቼ እንደሚያወጣው፣ መቼ እንደሚተወው ማወቅ አለበት።

ሁሉም ቶፉ አንድ ነው ብሎ መግዛት

ቶፉ የአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራ ነው። ማርጊያው ብዙ ጊዜ ኒጋሪ ነው፤ ጨው ከባሕር ውሃ ከወጣ በኋላ የሚቀረው መራራ ፈሳሽ ሲሆን በዋናነት ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። የረጋው ተሰባብሮ፣ ጨርቅ የተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ክብደት ሲጫነው ሞመን የሚባለው ጠንካራው ቶፉ ይወጣል። አይብ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ወፍራም ወተት ሳይሰበርና ሳይጨመቅ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ሲረጋ ደግሞ ለስላሳው ኪኑ ይሆናል።

ኪኑን ለመጥበስ መሞከር ድካም ነው። ቦታው ቀዝቃዛ ምግብና ሾርባ ነው። ለጥብስ፣ ለወጥና ተፈጭቶ ለሚለወስ ሞመን ይግዙ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች በጣም ጠንካራ ተብሎ የሚሸጠው ከጃፓኑ ሞመን የደረቀ ስለሆነ ለጥብስ ይመቻል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲሁ ሲበላ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ውሃውን ሳያወጡ እሳት ላይ መጣድ

እርጥብ ቶፉ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ዘይቱ ይንጣጣል። ቀጥሎ ቶፉው በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ቡናማ ሳይሆን ግራጫ ሆኖ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። መላው ቀላል ነው። ቶፉውን በሁለት ድርብ የወጥ ቤት ሶፍት ይጠቅልሉ፣ ላዩ ላይ ሳህን ያድርጉ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይተዉት። ሳህኑ ላይ በጣም ከባድ ነገር ከጫኑ ይሰነጠቃል። ለተቸኮለ ሰው በሶፍት ጠቅልሎ ማይክሮዌቭ ውስጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል።

ይህ በጉልህ የሚታየው ሺራአኤ ላይ ነው፤ ቆስጣ ወይም ስፒናችና ካሮት በተፈጨ ቶፉና ሰሊጥ የሚለወሱበት ቀዝቃዛ ምግብ ነው። ለ150 ግራም ሞመን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላና የተወቀጠ ሰሊጥ (የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ካለ እሰየው)፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስና ቁንጥር ጨው። የቶፉው ውሃ በደንብ ካልወጣ፣ የተቀቀለው ቅጠልም በእጅ ካልተጨመቀ፣ ጥቂት ቆይቶ ሳህኑ ሥር ነጭ ውሃ ያቁራል፤ ቅመሙም ከዚያው ውሃ ጋር ይወርዳል። የሚለወሰው ደግሞ ሊበላ ሲል ነው፤ ጠዋት ለውሶ ለማታ ማስቀመጥ አይሆንም።

ኢሪዶፉ በሚባለው የቶፉ ፍርፍር ላይ ውሃውን የሚያወጣው መጥበሻው ራሱ ነው። ሞመኑን በእጅ ይፈርፍሩና በደረቅ መጥበሻ ያማስሉ። መጀመሪያ ይንሿሿል፤ ያ ድምፅ ቀንሶ ፍርፋሪው እርስ በርሱ መላቀቅ ሲጀምር ካሮቱን፣ እንጉዳዩን፣ በመጨረሻም እንቁላሉን ይጨምሩ።

በስታርች ተለውሶ ለሚጠበሰው አጌዳሺዶፉ የድንች ስታርች ይጠቀሙ፤ የስንዴ ዱቄት ወፍራም ቅርፊት ያወጣል። ስታርቹን ዘይቱ ከጋለ በኋላ ነው መነስነስ። ቀድሞ ከተነሰነሰ እርጥበቱን ጠጥቶ ይላቁጣል።

ዳሺን መዝለል

"ጣዕም የለውም" ለሚለው ቅሬታ ዋናው መልስ እዚህ ጋ ነው። የጃፓን ቶፉ ጣዕሙን የሚወስደው ዳሺ ከሚባለው ቀጭን መረቅ ነው። ዳሺ በኮምቡ፣ ማለትም በደረቀ የባሕር ቅጠል ይጀምራል። ቶኪዮ ውስጥ ያስተምር የነበረው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. የዚህን መረቅ ጣዕም ምንጭ ፈልጎ ግሉታሜትን ያገኘው ከኮምቡ ነበር።

አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ግራም ኮምቡ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ላዩ ላይ ያለውን ነጭ ብናኝ አይጠቡት፤ ቆሻሻ ሳይሆን ጣዕም ነው። ከዚያ በትንሽ እሳት ያሙቁትና የድስቱ ሥር ትናንሽ አረፋ መቋጠር ሲጀምር ኮምቡውን ያውጡ። አብሮ ከፈላ መረቁ ዝልግልግ ይላል፣ የባሕር ሽታም ያመጣል። ውሃው ብቻውን አንዴ ፈላ ሲል እሳቱን አጥፍተው 20 ግራም ካትሱኦቡሺ ይጨምሩ፤ በጭስ ደርቆ በስሱ የተላገ ዓሣ ነው። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆይተው ያጥሉት። ማጥለያው ላይ የቀረውን አይጭመቁ።

ቶፉ ስለሆነ የጾም ነው ብሎ መተማመን

ከላይ እንዳዩት ዳሺው ውስጥ ዓሣ አለ። እንደ ሆንዳሺ ያለው የተዘጋጀ የዳሺ ዱቄትም የዓሣ ነው፤ "ዳሺ የገባበት" ተብሎ የሚሸጥ ሚሶም (ሚሶ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ሊጥ ነው) ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ሁዳዴን ያለ ዓሣ የሚጾም ሰው የጃፓን የቡድሂስት ገዳማትን ዘዴ ይውሰድ፦ ኮምቡና የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር። እንደ እኔ ከሆነ ለቶፉ የሚሻለውም ይኸኛው መረቅ ነው።

ሚሶውን ማፍላት

ሚሶ ሲፈላ መዓዛው ይጠፋል። ዳሺው ውስጥ አትክልቱ ይብሰል፣ ቶፉው ገብቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሙቅ፣ እሳቱ ይጥፋ፤ ሚሶው በጭልፋ ውስጥ ተበጥብጦ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል።

ጤናማ ነው እያሉ ሶያ ሶስ መድፋት

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ውስጥ ወደ 2.5 ግራም ጨው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ሁለት ማንኪያ ቶፉ ላይ ያፈሰሰ ሰው የቀኑን ጨው አንድ ሳህን ላይ ጨረሰ ማለት ነው፣ ሚሶ ሾርባው ሳይቆጠር። ቀለሙ ፈዘዝ ያለው ኡሱኩቺ የሚባለው ሶያ ሶስ ደግሞ ያታልላል፤ ጨው የሚበዛው እሱ ላይ ነው። ሂያያኮ የሚባለውን ሳይበስል የሚበላ ቀዝቃዛ ቶፉ ሲያቀርቡ ኪኑውን ለአሥር ደቂቃ ብቻ ያንጠፍጥፉ፣ የተፋቀ ዝንጅብልና በስሱ የተከተፈ ባሮ ሽንኩርት ያብዙበት፣ ሶያ ሶሱን በሻይ ማንኪያ ለክተው ከላይ ጠብ ያድርጉ። ዝንጅብሉ ትኩስ ከሆነ ጨው ማነሱ አይታወቅዎትም።

በኃይል ማንተክተክ

ኪዮቶ ውስጥ በናንዘንጂ ቤተ መቅደስ አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ዩዶፉ በሚባል ምግብ ይታወቃሉ። ድስቱ ሥር ኮምቡ ይነጠፋል፣ ውሃና ቶፉ ይገባል፣ አለቀ። ይህን የሚያህል ቀላል ምግብ የሚበላሸው በእሳት ብቻ ነው። ቶፉ ሲንተከተክ ውስጡ የቀረው ማርጊያ ፕሮቲኑን ይበልጥ እያኮማተረው ይሄዳል፤ ሲቆረጥ ትናንሽ ቀዳዳ ይታይበታል፣ አፍ ውስጥም ይሻክራል። ውሃው ላይ ጥቂት ጨው መጨመር ይህን ያዘገየዋል። እሳቱን ዝቅ ያድርጉና ቶፉው ውሃው ውስጥ ወዝወዝ ማለት ሲጀምር ያውጡት።

የተረፈውን እንደ ነገሩ ማስቀመጥ

የተከፈተ ቶፉ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ፍሪጅ ይግባ፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይረው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጨርሱት። ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ለሂያያኮ አይመለስም፣ ውስጡ በቀዳዳ ይሞላል። ጃፓኖች ግን ይህንኑ ጠባይ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፤ በኮያ ተራራ ስም የሚጠራው ኮያዶፉ ቀዝቅዞ የደረቀ ቶፉ ነው። እርስዎም የቀዘቀዘውን ሞመን አቅልጠው በመዳፍዎ መሐል ጭምቅ ያድርጉት፣ ዳሺ፣ ትንሽ ስኳርና ሶያ ሶስ ባለበት ድስት ውስጥ በትንሽ እሳት ለ15 ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ መረቁን ጠጥቶ ይነሣል።