ስለ ማክቤዝ ውድቀት ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ» ላይ ትንታኔ የሚጽፉ ተማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት፣ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን የሚይዘውን የጦር አዛዥ የማክቤዝን ጥፋት ጠቅልለው ለአንድ ወገን በማሸከማቸው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጠንቋዮቹን ዋና ጥፋተኛ ማድረግ ነው። ሦስቱ ጠንቋዮች ማክቤዝ እንደሚነግሥ ይናገራሉ እንጂ ንጉሥ ዳንከንን እንዲገድል አያዙትም። የጦር ጓዱ ባንኮም እዚያው ቆሞ ዘሮቹ እንደሚነግሡ ተነግሮታል፤ እሱ ግን በንጉሡ ላይ ሰይፍ አላነሣም። ማክቤዝ ትንቢቱን ሲሰማ ክው ማለቱን ያስተዋለውም ይኸው ባንኮ ነው፤ ሰው ደግሞ በልቡ ባልዞረ ሐሳብ እንዲያ አይደነግጥም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስተው ሁሉንም በሚስቱ ማላከክ ነው። እርግጥ ነው፣ በአንደኛው ገቢር መጨረሻ ማክቤዝ ነገሩን ለመተው ወስኖ ሳለ፣ ወንድነቱን አንኳስሳ ሐሳቡን ያስለወጠችው እሷ ናት። ይሁንና ዳንከን ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ ባደረገበት ትዕይንት፣ ማክቤዝ ሚስቱን ገና ሳያገኛት፣ ጥቁር ምኞቱ እንዳይታይበት ከዋክብት ብርሃናቸውን እንዲሰውሩ ተማጽኗል። ኋላም ባንኮን የሚያስገድል ዕቅዱን ይደብቃታል፤ የተቃዋሚውን መስፍን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ሲያስፈጅም አያማክራትም። በአራተኛው ገቢር ጠንቋዮቹን ፈልጎ የሚሄደው ራሱ ነው። ስለዚህ የውጭውን ግፊት የሚመዝን ጸሐፊ «በየትኛው ገቢር?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ጉትጎታው እየቀነሰ ሲሄድ ግድያው ለምን እንደበረከተ ያላብራራ ትንታኔ፣ በእኔ እምነት፣ ተውኔቱን እስከ ሁለተኛው ገቢር ብቻ እንዳነበበ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ስህተት ማክቤዝን ከመነሻው ጨካኝ አድርጎ መሣል ነው። ከግድያው በፊት ለብቻው ሲናገር፣ ዳንከን ዘመዱ፣ ንጉሡና እንግዳው መሆኑን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ከልክ አልፎ ከሚዘል ምኞት በቀር ለድርጊቱ የሚገፋፋው ነገር እንደሌለ ያምናል። ይህ ንግግር ሳይጠቀስ ስለ ምኞቱ የሚጻፍ አንቀጽ ዋናውን ማስረጃ ትቷል፤ ማክቤዝ አሳዛኝ ጀግና የተባለው የሚሠራውን እያወቀ በመግባቱ ነውና።

ገጸ ባሕርይውን ከታሪኩ ሰው ጋር መቀላቀልም ያጋጥማል። የስኮትላንዱ ንጉሥ ማክቤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1040 እስከ 1057 ገዝቷል፤ የታሪኩ ዳንከንም የሞተው በጦርነት እንጂ በእንግድነት በተኛበት አልጋ አይደለም።