ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም፦ በጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎች ሞተርና ፕሮፔለር ማጣጣም

ጀልባ ሲደክም መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ትልቅ ሞተር መግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የሚመነጨው ሞተሩ ከፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን ከሚገፋው ባለክንፍ ክፍል)፣ ከጀልባው ቅርጽ ወይም ከሚሄድበት ውሃ ጋር ካለመጣጣሙ ስለሆነ፣ አዲሱ ትልቅ ሞተር አሮጌውን ችግር ብዙ ነዳጅ እያቃጠለ ይዞት ይቀጥላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምልክቱን ማንበብ ይገባል።

ለዚህ አንድ መለኪያ የግድ ያስፈልጋል፤ እርሱም የዙር ቆጣሪ ነው። ጀልባው የወትሮ ጭነቱን እንደያዘ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይነበብና በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ክልል ጋር ይነጻጸራል። ለብዙ ፎር ስትሮክ ሞተሮች ይህ ክልል ከ5,000 እስከ 6,000 ባለው ውስጥ ይገኛል። በባዶ ጀልባ የተለካ ዙር ግን ለውሳኔ አይጠቅምም፤ ሻጩ ለሙከራ የሚያሳየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው።

ምልክት፦ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዙሩ ከክልሉ በታች ይቀራል፣ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ ውሃውን እየገፋ ይጓዛል

በጣና ላይ የዚህ ምልክት የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በወረቀት ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ባሕር ዳር ላይ የሚሰጠው ከ33 ብዙም አይበልጥም። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔለር የተመረጠው ግን ባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሙሉ ጉልበት ነው። ፒቹ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ሙሉ ዙር ወደፊት ሊጓዘው የተሠራበት ርቀት፣ ለተዳከመው ሞተር ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፤ ሞተሩም በአምስተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ይሆናል።

መፍትሔው ፒቹ አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ስለሚጨምር፣ ከክልሉ 400 ዙር የጎደለው ሞተር 2 ኢንች የሚያንስ ፕሮፔለር ሲሰጠው ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፤ የቀረውን ግን ሞተሩ በሚመቸው ዙር እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ከክልሉ በታች እየታፈነ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ሞተር ፒስተኑንና ኩሽኔታዎቹን ስለሚጎዳ፣ የፕሮፔለር ለውጥ ከሞተር እድሳት እጅግ ይረክሳል።

ሞተሩ ባለካርቡሬተር ከሆነ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይገባል። ጫፉ በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ፣ ለቀጭኑ የደጋ አየር የሚመጣው ቤንዚን በዝቷል ማለት ስለሆነ፣ የካርቡሬተሩ ዋና ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ብሎን፣ በአነስተኛ መለወጥ አለበት። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጉልበት ቅነሳው ግን እነርሱንም አይምርም። አዲስ ሞተር የግድ የሚገዛ ከሆነ በወረቀቱ ቁጥር ላይ አምስተኛውን ቀንሶ ማስላት፣ ይህም ሲደረግ በጀልባው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የሞተር መጠንና ክብደት አለማለፍ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ዙሩ በድንገት ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም

ይህ የሚታየው በመታጠፊያ ወይም በማዕበል ላይ ብቻ ከሆነ፣ ፕሮፔለሩ ከውሃ ይልቅ አየር እየያዘ ነው። የተለመደው መንስኤ የሞተሩ ዘንግ ማጠር ነው፤ 20 ኢንች ከፍታ ባለው የኋላ ሰሌዳ ላይ ባለ15 ኢንች ዘንግ ሞተር ሲታሰር ፕሮፔለሩ ወደ ውሃው ገጽ ይቀርባል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ወለል ጋር በአንድ መስመር ላይ ወይም ከዚያ በ2 ሳንቲሜትር ገደማ ልዩነት ውስጥ መሆን አለበት። ጣና ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆንና የጀልባውን ኋላ ደጋግሞ ያነሣል፤ ስለዚህ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ጀልባ ረጅሙን ዘንግ ቢመርጥ ይሻላል።

በቀጥታ ጉዞና በጸጥተኛ ውሃ ላይም ከታየ ግን የፕሮፔለሩ የመሐል ጎማ ተንሸራቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ፣ ፕሮፔለሩ ይፈታና ከመሐለኛው የብረት ቱቦ ጠርዝ ተነሥቶ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጭው አካል የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በምስማር ይጫራል፤ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላም ጀልባው በሙሉ ጉልበት ለጥቂት ደቂቃ ይነዳል። ሲፈታ መስመሩ ተሰብሮ በሁለት ቦታ ከታየ ጎማው ይለወጣል፤ እስከዚያው በዝግታ ወደ ወደብ ማድረስ ይችላል።

ምልክት፦ ከሞተሩ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ፍሰት ይቀጥናል፣ ሞተሩ ይግላል

ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፣ ሥሩም በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንሥቶና አጽድቶ፣ ፍሰቱ ካልተመለሰ የፓምፑን የጎማ ክንፍ መለወጥ ነው። ፕሮፔለሩ ተጠምጥሞ ያስቸገረው ባለጀልባ አንዳንድ ጊዜ ፕሮፔለር የሌለው የጄት ሞተር ይመኛል፤ ይህ በእኔ እምነት ለጣና ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ጄቱ ውሃን የሚስበው ከታች ባለ ወንፊት በኩል ስለሆነ አረሙ እዚያው ይለጠፋል፤ አውትቦርድ፣ ማለትም ከጀልባው ኋላ በውጭ የሚታሰር፣ ጄት በተጨማሪ ከሞተሩ ጉልበት 30 በመቶ ገደማ ያባክናል። ሥራው በየዕለቱ እምቦጭ ውስጥ ከሆነ፣ ታይላንድና ቬትናም ውስጥ የሚሠራበት ዓይነት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርና ጫፉ ላይ ትንሽ ፕሮፔለር ያለው ረጅም ዘንግ የተሻለ ነው፤ ዘንጉን በእጅ ከውሃ አውጥቶ አረሙን ማራገፍ ይቻላልና።

ምልክት፦ ነዳጁ ይበዛል፣ ፍጥነቱ ግን ከአንድ የተወሰነ ቁጥር አያልፍም

ይህ የከባዱ ጀልባ ችግር ነው። ውሃን እየከፈለ እንጂ በላዩ እየተንሳፈፈ የማይሮጥ ጀልባ ፍጥነቱን የሚወስነው ርዝመቱ ነው፤ በውሃ መስመሩ 10 ሜትር የሆነ ጀልባ በሰዓት ከ14 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲገፋ ራሱ የሚፈጥረውን ማዕበል መውጣት ስለሚኖርበት፣ የሚጨመረው ጉልበት ሁሉ ወደ ማዕበል ይለወጣል። እህልና ብዙ ሰው ጭኖ እስከ ደቅ ደሴት ለሚመላለስ እንዲህ ያለ ጀልባ የሚስማማው በሆዱ ውስጥ የተገጠመ የናፍጣ ሞተርና በዝግታ የሚዞር ሰፊ ፕሮፔለር ነው፤ ቱርቦ ካለው ከፍታውም ብዙ አይጎዳውም። አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር ግን ያልተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት ወደ ሐይቁ ስለሚተፋ፣ ለረጅም መስመር ርካሽ የሚመስለው የመግዣ ዋጋው ብቻ ነው።

ለውጡን ለማድረግ አቅም እስኪገኝ ድረስ፣ ቤንዚን መስጫውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ የፍጥነት መቀነስ መሰማት የሚጀምርበትን ነጥብ መፈለግና መስጫው ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ ነጥብ በላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ጀልባውን አያፈጥነውም።