ለመቶ ሕፃናት አንድ ድስት፦ ጎንደር ላይ በጸዳቃ (በአይሁድ የምጽዋት) ሥርዓት ማዕድ ማቋቋም

ለችግረኛ ልጆች ማዕድ ለማቋቋም የተነሳ ሰው ሁሉ ልቡ መጀመሪያ ሥጋ ላይ ያርፋል። ይቅርባችሁ። ጎንደር ላይ ሥጋ የሚበላው ያረደው እጅ ታይቶ ነው፤ ክርስቲያኑ የሙስሊም፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን አይበላም፣ ቤተ እስራኤልም (የኢትዮጵያ አይሁድ) በሕጉ ካልታረደ አይነካም። ቅቤና ወተት ደግሞ በአይሁድ ሕግ ከሥጋ ጋር ስለማይገናኙ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ፣ ሁለት ማጠቢያ ይጠይቃሉ። በዘይት የተሠራ የምስር ክክ ወጥ ግን የሁሉንም ቤት ያስማማል፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ጎረቤትም ይበላዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የአይሁድ ሊቃውንት የሌላውም ሕዝብ ድሃ ከእስራኤል ድሃ ጋር አብሮ እንዲመገብ ደንግገዋል፣ ምክንያቱንም «ስለ ሰላም መንገድ» ብለውታል። ወደ እስራኤል ለመሄድ እየጠበቁ በኪራይ ቤት የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በር ለበር የሚኖሩት ከክርስቲያንና ከሙስሊም ጋር ነው። የአንዱን ልጅ አስገብቶ የአንዱን መመለስ የመንደሩን ፍቅር ያቀዘቅዛል።

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ለሆኑ መቶ ሕፃናት ለአንድ ምሳ የሚበቃው ይህ ነው፦ 4 ኪሎ ምስር ክክ፣ 5 ኪሎ ድንች፣ 3 ኪሎ ካሮት፣ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 150 ግራም አዮዲን ያለው ጨው፣ 14 ሊትር ያህል ውኃና 50 እንጀራ። ድስቱ 40 ሊትር የሚይዝ ይሁን፤ ትንሽ ድስት ሲገነፍል እሳቱንም ምስሩንም ያጠፋል። ክኩን ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙ፤ ድንጋዩ ለጥርስ፣ ነፍሳቱ ለአመጋገብ ሕጉ መጥፎ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ ውኃ ጨምሩ፣ ሲፈላ ክኩን አስገቡ። ድንችና ካሮቱ የሚገባው ክኩ መፍረስ ሲጀምር ነው። ቲማቲም ካላችሁ መጨረሻ ላይ፤ ቀድሞ ከገባ ኮምጣጣነቱ ክኩ እንዳይፈርስ ያግዳል። ጨውም ከመውረዱ በፊት ይጨመር፣ አዮዲኑ በእሳት እንዳይባክን። በርበሬውን ለትልልቆቹ ለብቻ አቁላሉ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ድፍን ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ እንጨት ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። ክክ የሚመረጠው አንድም ለዚህ ነው።

ልጆቹ ምስር ሲሰለቻቸው ወደ ሽሮ መሄድ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። በደምቢያና በፎገራ ጓያ በብዛት ይመረታል፣ ዋጋውም ርካሽ ስለሆነ የተፈጨ ሽሮ ውስጥ ይቀላቀላል። ጓያ አልፎ አልፎ ቢበላ ችግር አይፈጥርም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሰልላል፣ የሰለለ እግር ደግሞ አይመለስም። በየቀኑ ከአንድ ድስት የሚበላ ልጅ ተጋላጭ ነው። ከተፈጨ በኋላ መለየት አይቻልም፣ ቆልቶ መፍጨትም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ የተፈጨ ሽሮ አትግዙ። እህሉን ድፍኑን ግዙ፣ ዘርግታችሁ ልቀሙ፣ ወፍጮ ቤትም አንድ ሰው ቆሞ ያስፈጭ። አተር ድቡልቡል ነው፣ ሽምብራ አፍንጫ አለው፤ ጓያ ጠርዝ ያለው፣ የመጥረቢያ ስለት የሚመስል ግራጫ ፍሬ ነው። ከእፍኝ ውስጥ ሁለት ሦስት ካገኛችሁ ኩንታሉን መልሱት፤ ነጋዴው «ትንሽ ነው» ቢልም።

የግዢው ቀን የራሱ ጣጣ አለው። ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰንበት ነው፤ አይነገድበትም። ሐሙስ ገበያ ውጡ። ከዚያ የሚሻለው ግን በአዝመራው ማግሥት፣ በጥርና በየካቲት ጠቅልሎ መግዛት ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ቢበሰል 20 ኪሎ ክክ ይወጣል፣ አንድ ኩንታል አምስት ሳምንት ይሄዳል ማለት ነው። ከጥር እስከ ጳጉሜን ሰባት ኩንታል ይፈጃል፤ ተለቅሞ የሚጣለውን አስባችሁ ስምንት ግዙ። ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እርጥበትና ነቀዝ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

ዓርብ ድስት አይጣድም። የቤተ እስራኤል ልማድ በሰንበት እሳትን ጨርሶ አያውቅም፣ ትኩስ ወጥ ይዞ የሄደ ልጅም ለነገ ያሳደረው ወጥ ያመዋል። እስከ 9 ሰዓት ድረስ ዳቦና ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል አድሉ። ቆሎ ለታላላቆቹ ብቻ ነው፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይታነቅበታል። በአይሁድ ፋሲካ ሳምንት እንጀራው በቂጣ ይተካል፤ ስለ ጥራጥሬው ልማዱ ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ ስለሚለይ የቤተ እስራኤሉን ቄስ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ማዕድ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እህል አልቆ ሳይሆን ሐሜት ገብቶ ነው። «ዘመዱን አስገባ» የሚል ወሬ ከተነሳ ሰጪውም ይሸሻል። ጥንታዊው የአይሁድ ሥርዓት ይህን አስቀድሞ አይቷል። ቁፓ የሚባል የሳምንት ሣጥን አለ፣ ታምሁይ የሚባል የዕለት ማዕድ አለ፤ የሣጥኑን ገንዘብ ሁለት ሰው ይሰበስባል፣ ሦስት ሰው ያከፋፍላል። ብቻውን የሚሰበስብ የለም፤ ማከፋፈል ደግሞ ፍርድ ስለሆነ እንደ ዳኝነት ሦስት ሰው ይቀመጥበታል። የእድር ሣጥን ሁለት ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ሲሆን ሰላም እንደሚያድር ሁሉ ነው። በየሳምንቱ የገባውና የወጣው በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። የተቀባዮች ስም ግን በፍጹም አይለጠፍም፤ ካርድ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ።

ማን ይግባ? ለሣጥኑና ለዕለቱ ማዕድ መለኪያው የተለያየ ነው፦ አሥራ አራት ጊዜ የሚበላው ያለው ከሣጥኑ አይወስድም፣ ሁለት ጊዜ የሚበላው ያለው ከዕለቱ ማዕድ አይወስድም። «ራበኝ» ያለ ሰው ደግሞ አይመረመርም፣ ይበላል፤ ልብስ የጠየቀ ግን ይጣራል። በር ላይ የምትቆመው ሴት ይህን ካላወቀች የተራበ ሰው መታወቂያ ሲጠየቅ ትሰማላችሁ።

ለልጆቹ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ ያዙ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለት እግሩ አብጦ በአውራ ጣት ሲጫን ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ፣ የማዕድ ነገር አይደለም፤ ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው በየሳምንቱ ይለካ። ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት ወሰኑ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ይብላ፤ ወደ ቤት የተላከ ሳህን ለአራት ወንድምና እህት ይከፈላል፣ እናትንም መውቀስ አይቻልም። ለታላላቆቹ ቁራሽ ዳቦ ቢጨመር የታናሹ ምሳ ይተርፋል።

ጸዳቃ የሚለው የዕብራይስጥ ቃልና የእኛ «ጽድቅ» አንድ ሥር ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ራምባም (ሙሴ ማይሞኒደስ) ስምንት የመስጠት ደረጃዎችን ቆጥሮ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ለሰው ሥራ መስጠትን፣ ማበደርን ወይም ከእርሱ ጋር መሸርከትን ነው። በማዕዳችሁ ይህ የሚጀምረው ከእንጀራው ነው። በቀን የሚፈለገውን 50 እንጀራ ከሱቅ አትግዙ፤ ለሁለት እናቶች ሃያ አምስት ሃያ አምስት አድርጋችሁ አከፋፍሉ። ዱቄቱን እናንተ ስጡ፣ ምክንያቱም ኩንታል ጤፍ የምትገዛበት ገንዘብ ያላት እናት መጀመሪያውኑ ማዕድ አትመጣም። ምጣድ ለሌላት በብድር ግዙላት፣ ከየእንጀራው ሂሳብ በጥቂቱ ይቀነስ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ እናቶቹ ባሉበት ጋግራችሁ ቁጠሩ፤ ሂሳቡ በዚያ ይሁን። በየሳምንቱ አሥር እንጀራ መዝኑ፣ እየሳሳ ከመጣ ሳይካረር ይነገር። ትኩሱ እንጀራ ተደራርቦ ሲታፈን ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል፤ ሰፌድ ላይ እየበረደ ይደርደር። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለማይጠፋ ከሁለቱ አንዷ በእንጨት ምጣድ የምትጋግር ትሁን።