«መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ

«ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ምነው በሞትኩ» የሚል ሰው ሲያጋጥም ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «እንዲህ ያለ ቃል ከአፍህ አይውጣ» ብሎ ይቆጣል። ያን ጊዜ ሰውየው የሚተወው ሐሳቡን ሳይሆን መናገሩን ነው። ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ ለአባት ወይም ለእናት በአንቱታ ይሁን። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ እንዲያውም የታፈነው ሰው ይተነፍሳል። «አዎ» ካለ ዕቅድ እንዳለውና ከዚህ ቀደም ሞክሮ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁለቱ አንዱ ካለ ለብቻው አይተው።

ቀጥሎ ቤቱን ፈትሹ። በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በሰንዳፋ ዙሪያ እርሻና ጓሮ ያለው ቤተሰብ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ቤት ውስጥ ያስቀምጣል። ለጊዜው ከግቢው አውጥታችሁ ታማኝ ጎረቤት ዘንድ ቆልፉበት። መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ የቤት ሰው መደበቂያውን ያውቃል። የሚወስደው መድኃኒትም በሌላ ሰው እጅ ሆኖ በየቀኑ ይሰጠው። «የቆረጠ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። የጭንቁ ብርቱ ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ያን ሰዓት ያለፈም ብዙው በሕይወት ይቀራል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

መርዝ የጠጣ ሰው ካለ ወተት አትስጡት፣ አታስመልሱት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፣ ወይም ባገኛችሁት መኪና ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። መርዙ የነበረበትን ዕቃ ከነጽሑፉ ያዙ፤ ሐኪሙ ሕክምናውን የሚመርጠው በዚያ ነው።

ለሕክምና ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ ከበድ ካለ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። የነፍስ አባቱ ራሳቸው «ሁለቱንም ያዝ» ቢሉት ከማንም በላይ ይሰማቸዋል።

ከሆስፒታል የተመለሰበት የመጀመሪያው ሳምንትና ተከታዮቹ ወራት እጅግ አስጊ ናቸው፤ ቤተሰብ ግን «ዳነ» ብሎ የሚዘናጋው ያኔ ነው። ማን በየትኛው ቀን ቡና ይዞ እንደሚመጣ ተከፋፈሉ፤ የቀጠሮውን ቀን ከሰውየው ሌላ አንድ ሰው ይያዘው።